ተዋናዩ ከመድረክ ሲወርድ

ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ የሄደው ፊልም ሊሠራ አልነበረም። ተዋናይ ሊሆን ነበር። ስለ ፊልሞቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ትግል፣ ስለ ሽልማቶቹም እንዲሁ። ትወናው ግን የሚነሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የሕይወት ታሪክ ማሟያ ሆኖ ነው። «መጀመሪያ ትወና ተማረ፤ ከዚያ ወደ ፊልም ዞረ» ተብሎ ይታለፋል። በበኩሌ የሰውየው ሥራ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያች ችላ የተባለች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ያማሩት ፊልሞቹ ለምን እንዳማሩ፣ የሚያደክሙትም ለምን እንደሚያደክሙ መመርመር የሚገባው ከዚያ ጀምሮ ነው።

(«አንቱ» ሳልል «እሱ» እያልኩ መጻፌን አንባቢ እንደ ድፍረት አይቁጠርብኝ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ በማዕረግም ፕሮፌሰር ነው። ነገር ግን በአገራችን ከያኒ የሁሉ ልጅ ነው። አዝማሪውንም ሠዓሊውንም «እሱ» እያልን ነው የወደድነው።)

የተወለደው በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ተውኔትም እየደረሱ በየአገሩ ለሕዝብ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ልጁ ትወናን ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቤቱ ነው። በአንድ በኩል የአባቱ ተውኔት ነበረ፤ በሌላ በኩል የጎንደር ሲኒማ ቤት። በየቃለ ምልልሱ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ትዝታ አለ። ልጆች ሆነው ታርዛንን ሲያዩ የሚያጨበጭቡት ለታርዛን ነበር። አፍሪካውያኑ አድፍጠው ከኋላው ሲመጡበት ከመቀመጫቸው ተነስተው ይጮሁለት፣ ያስጠነቅቁትም ነበር። ይህ ትዝታ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የቅኝ ገዢዎችን ፊልም ተንኮል ለማስረዳት ነው። ልክ ነው፤ ያንንም ያስረዳል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የተውኔት ደራሲ ልጅ ትዝታ አድርጌ አነበዋለሁ። በመድረክ ዙሪያ ያደገ ልጅ አንድ ነገር ያውቃል፦ ተመልካቹ ልቡን የሚሰጠው ለደጉ ሰው ሳይሆን መካከል ላይ ለቆመው ሰው ነው። መካከል ላይ ማን እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ ተዋናዩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ገብቶ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና መማር ሲጀምር ይህንኑ በራሱ ሥጋ አየው። ለጥቁር ተማሪ የሚተርፈው ሚና የታወቀ ነበር፤ አሽከር፣ ሎሌ፣ በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው። የተዋናይ ሙያ አንድ ጭካኔ አለው። ሠዓሊ ሸራ ካገኘ ይሥላል፤ ገጣሚ ወረቀት ቢያጣ በቃሉ ይይዛል። ተዋናይ ግን ካልተመረጠ የለም። ቢመረጥም የሚናገረው ሌላው የጻፈለትን፣ የሚቆመው ሌላው ያመለከተው ቦታ ላይ ነው። አገሩ ውስጥ የተውኔት ደራሲ ልጅ የነበረ ወጣት ቺካጎ ላይ ትሪ ያዥ ሆነ ማለት ነው።

ከእሱ ቀደም ብሎ ተስፋዬ ገሠሠ እዚያው ከቺካጎ አጠገብ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ ቴአትር ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሷል። የተማረውን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ተወነ፣ ጻፈ፣ አዘጋጀ፤ ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም መራ። ለእሱ መድረኩ የራሱ አገር መድረክ ስለሆነ መውረድ አላስፈለገውም። ኃይሌ ግን ባዕድ አገር ቀረ፤ መድረኩን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ወረደና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማጥናት ጀመረ። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ዉድቤሪ የመሳሰሉ፣ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የተባለው ወገን የሚቆጠርባቸው ጥቁር ተማሪዎች በዚያ ዘመን እዚያው ነበሩ። የላቲን አሜሪካን ፊልሞች እያዩ፣ እርስ በርስ ካሜራ እየያዙ፣ ሆሊዉድ ደጃፍ ላይ ሆነው ሆሊዉድን የሚቃወም ፊልም ሠሩ።

የተማሪነት ሥራዎቹን እንለፋቸው። አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው «የተቃውሞ ልጅ» መነሻው አንጄላ ዴቪስን እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ማየቱ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ቴሌቪዥኑ ሴትዮዋን መካከል ላይ አቁሟታል፤ ግን በካቴና አስሮ። የኃይሌ ምላሽ ያንኑ ምስል ወስዶ ከእሷ ከራሷ ዓይን ማሳየት ነበር።

«ቡሽ ማማ» ግን መታለፍ የለበትም። ፊልሙ ዶሮቲ የምትባል፣ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር በመንግሥት ድጎማ የምትኖር፣ ባሏ ያላጠፋው ጥፋት ተለጥፎበት የታሰረባት ነፍሰ ጡር ሴት ታሪክ ነው። ባርባራ ጆንስ ትጫወታታለች፤ እንዲያውም «ትጫወታለች» የሚለው ቃል አይበቃትም። የድጎማ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ፅንሱን እንድታስወርድ ሲገፋፏት ፊቷ ላይ የሚታየው ቁጣ አይደለም፤ ድካም ነው። ቁጣው ከድካሙ ሥር ቀስ ብሎ ሲፈላ እናያለን። በፊልሙ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ይህ የተዘጋጀ ትዕይንት አይደለም። ፖሊሶቹ እውነተኛ ናቸው፤ የሚፈትሹትም የኃይሌን የራሱን የፊልም ባልደረቦች ነው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ሰው ሲያዩ ሌባ መስሏቸው ነበር። ካሜራው ግን አልጠፋም። ትወና ትምህርት ቤት ውስጥ የሎሌ ሚና የተሰጠው ሰው አሁን ፖሊሶቹን ሳይጠይቃቸው ሚና ሰጣቸው። ብድር መመለስ ማለት እንዲህ ነው፤ ያውም ያለ አንድ ቃል ስድብ።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ምርት፡ ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ሊወርዱ፣ ደርግ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደላደል፣ በዚያች ጠባብ ፋታ ውስጥ። ኃይሌ በትምህርት ቤት ዕረፍቱ መጥቶ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾት ተመለሰ። ባለሙያ ተዋናዮች አልያዘም ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ታሪኩን በሁለት መስመር መናገር ይቻላል። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለአንድ ባለመሬት ያርሳል፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይመለከታል፣ ያዝዛል፣ ይሳደባል። መሬቱን የተነጠቀውና «እብድ» የተባለው ከበበ ደግሞ ባለመሬቱን ፊት ለፊት ይናገረዋል፤ በመጨረሻም በዱላ ይገድለዋል።

ሁለት ሰዓት ከሚያልፈው ፊልም ውስጥ አብዛኛው ግን ታሪክ አይደለም፤ ሥራ ነው። ማረስ፣ ከብት ማገድ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲያርስ እስከ ጫፍ አብረን እንሄዳለን። አንዳንድ ተመልካች ይህን እንደ መሰልቸት ይቆጥረዋል። እኔ የትወናው ትምህርት ፍሬ እዚህ ነው የሚታየኝ። ትወና ያልተማረን ሰው «ተወን» ብትሉት ይደርቃል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ሥራውን ስጡትና ተዉት፤ ካሜራውን ይረሳዋል። ይህን የሚያውቀው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መድረክ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ «የሚተውነው» ባለመሬቱ ነው። ልብሱ፣ ወንበሩ፣ ጉሮሮ ማጽዳቱ፣ አሽከሩን መጥራቱ ሁሉ ትወና ነው። ጌትነት ራሱ ሚና እንደሆነ፣ ተመልካች ካጣ እንደሚፈርስ ያለ ስብከት ገባን። ገበሬዎቹ ግን አይተውኑም፤ ይሠራሉ። ይህን ልዩነት በጽሑፍ ያሳየ ደራሲ አውቃለሁ፤ በምስል እንዲህ ያሳየ ኢትዮጵያዊ ግን አላየሁም።

ከዚያ ሕልሙ አለ። ባልና ሚስት እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ፣ ባለመሬቱ ከኋላ ሲነዳቸው እናያለን። ገና ከወሬው ሲሰሙት የመፈክር ሥዕል ይመስላል። ፊልሙ ውስጥ ግን እውነተኛውን እርሻ ለረዥም ሰዓት ካየን በኋላ ስለሚመጣ ትከሻችን ላይ ያርፋል።

ከበበስ? ከበበ ይናገራል፤ ብዙ ይናገራል። አንዳንድ ሐያስያን ደራሲው በከበበ አፍ እየሰበከ ነው ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአገራችን ለጌታ እውነቱን የሚናገሩት ሦስት ናቸው፤ አዝማሪ፣ እረኛና እብድ። ሦስቱም የሚናገሩት ሌላው ሰው መናገር ስለማይችል ነው። ስለዚህ የከበበ ንግግር ቦታ አለው፤ ዝም ባሉት መካከል የቆመ ነውና። ችግሩ የሚመጣው በኋለኞቹ ፊልሞች፣ ሁሉም ሰው ከበበ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ከቦኖሻ ሆኜ ማየቴ የግድ ይገባል። ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና ወደ ቦዮ ሐይቅ ቆላማ መሬት ሲወርዱ የምትገኝ። አያቶቻችን ገባር ነበሩ። የፊልሙ ባለመሬትና ገበሬ ግንኙነት ደግሞ ከጎንደሩ ርስት ይልቅ በደቡብ ያየነውን የገባርና የባለመሬት ኑሮ ይመስላል። በርስት አገር ድሃም ቢሆን «የአባቴ መሬት» የሚለው ነገር አለው። በእኛ አገር ጭሰኛው ከመሬቱ በአንድ ቃል ይነሳ ነበር። «መሬት ላራሹ» የተባለው መፈክር በተማሪዎች አፍ የሞቀውም፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በደቡብ እንደዚያ የተጨበጨበለትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ምርት»ን ሳይ የማየው ጎንደርን አይደለም፤ አያቴን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል፤ እሱም ቀላል ጉድለት አይደለም። በፊልሙ ገበሬውም ባለመሬቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። በእኛ አገር ባለመሬቱ አማርኛ ይናገር ነበር፤ ገባሩ ሀዲይሳ። በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆም ነበር። ለዳኛ አቤት ሲባልም እንዲሁ። ከበበ ቦኖሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ስድቡን የሚያደርስለት አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር፤ አስተርጓሚውም ግማሹን ያስቀርበት ነበር። ይህን የምለው ኃይሌን ለመክሰስ አይደለም። ሰው የሚሠራው በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዚያ በላይ መጠየቅም ነውር ነው። ነገር ግን «የኢትዮጵያ ገበሬ ፊልም» እየተባለ ሲጠራ፣ ከገበሬዎቹ ብዙዎቹ ጌታቸው የሚላቸውን በቀጥታ ሰምተው አያውቁም ነበር ብሎ ማስታወስ ለፊልሙም ክብር ነው። መካከል ላይ ማን ይቁም ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ጥያቄው ወደ ራሱ ሥራ ሲመለስ አይከፋውም ብዬ አምናለሁ።

ወደ አሜሪካው ሥራ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት አስተምሯል፤ ዛሬ በካሜራ ባለሙያነቱ ስሙ የገነነው ብራድፎርድ ያንግ ተማሪው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 «አመድና ፍም» የተባለውን፣ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ራሱን ማግኘት ያቃተውን ጥቁር ወታደር ታሪክ ሠራ። በዚህ ፊልም ውስጥ የከበበ በሽታ ይጀምራል። ወታደሩ ይናገራል፣ ጓደኛው ይናገራል፣ ሽማግሌው ይናገራል። አያቱ ብቻ፣ አሮጊቷ፣ ስትናገር እንደ ሰው ትናገራለች፤ የምትናገረው የምታውቀውን ነውና። ሌሎቹ የሚናገሩት ትክክል የሆነውን ነው። ትክክል የሆነ ንግግር ደግሞ ለትወና መርዝ ነው። ተዋናዩ የሚሸሽግበት ቦታ ያጣል።

«ሳንኮፋ»ም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ፊልም በጋና የባሕር ዳርቻ የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ዘመናዊት ሴት በመንፈስ ተወስዳ ባሪያ ሆና ስትኖር ያሳያል። ስያሜው በአካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» ማለት ነው። ኑኑ የምትባለውን ባሪያ የምትጫወተው ጋናዊት አሌክሳንድራ ዱዋ ናት። ይህችን ሴት ያየ ሰው ዓይኗን አይረሳም። አንድ ቃል ሳትናገር የተቀመጠች እንደሆነ እንኳ የሰፈሩ ሁሉ ማዕከል እሷ ናት። ከልጇ ከጆ ጋር ያላት ነገር፣ ነጩ ቄስ ልጁን ከእናቱ ሲነጥለው፣ በታላቅ ተውኔት ደረጃ የሚቆጠር መከራ ነው። ቄሱ ራሱ ግን ሰው አልሆነም፤ የቀረበልን ክስ ነው። ክስ ደግሞ ተዋናይ አያስፈልገውም፤ ጸሐፊ ይበቃዋል። በአንድ ፊልም ውስጥ ኑኑንና ይህን ቄስ ጎን ለጎን ሳይ፣ ኃይሌ የሚወዳቸውን ሰዎች ለተዋናይ እንደሚሰጥ፣ የሚጠላቸውን ግን ራሱ እንደሚጫወታቸው ይሰማኛል።

ሆኖም ስለ «ሳንኮፋ» ሲነሳ ከፊልሙ ይልቅ ፊልሙ የተጓዘበት መንገድ ያስተምራል። በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና ባለቤቱ፣ ራሷም ፊልም ሠሪ የሆነችው ሽሪኪያና አይና፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከየከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከማኅበራት ጋር እየተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። ዋሽንግተን ላይ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ። አባቱ ተውኔቱን ይዞ በየአገሩ እንደዞረ፣ ልጁም ፊልሙን ይዞ በየከተማው ዞረ። በእኔ ግምት የተውኔት ቤት ልጅነቱ ከሁሉ በላይ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካች ካልመጣ መድረኩን ይዞ ወደ ተመልካቹ መሄድ።

የቴሌቪዥን ሥራውን ባጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1994 ለቢቢሲ «ጎዶሎ ጉዞ» ልንለው የምንችለውን ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ ከፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር ከደርግ ውድቀት በኋላ አገሩን ሲዞር። ካፑሺንስኪ በንጉሠ ነገሥቱ ውድቀት ላይ ባወጣው መጽሐፍ በእኛ ሰዎች ዘንድ የሚያከራክር ስም ያተረፈ ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማጓዝ የቢቢሲ ሐሳብ ጥሩነትም ክፋትም አለው። ቴሌቪዥን የኃይሌ ቤት አይደለም። የተወሰነ ሰዓት፣ የሚያስረዳ ድምፅ፣ ለውጭ ተመልካች የሚገባ ቋንቋ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ጊዜውን ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዓድዋ» ግን ዘጋቢም ሆኖ የራሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ የሚናገሩት ሽማግሌዎችና ሥዕሎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያለው ጦረኛ፣ አባቱ የነገሩትን የሚያወራው ሽማግሌ፣ ፉከራው። ዓድዋን በ1888 ዓ.ም. ካሜራ አልቀረጸውም፤ ስለዚህ ትዝታን ራሱን ተዋናይ አደረገው።

እንግዲህ «ጤዛ»። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በካርቴጅ ወርቃማውን ታኒት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ወርቃማውን ፈረስ ወሰደ። ሽልማቱ ደስ ይላል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው የራሱን በሽታ ያከመበት ፊልም መሆኑ።

አንበርብር በጀርመን አገር ሳይንስ ተምሮ፣ አብዮቱን አምኖ ተመልሶ፣ ጓደኛውን በአብዮቱ ያጣ፣ ምሥራቅ ጀርመን ላይ በዘረኞች ተደብድቦ ከመስኮት ተወርውሮ እግሩን ያጣ ሰው ነው። በደርግ መጨረሻ ዘመን ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይገባል። ትዝታው የተቆራረጠ ነው፤ ፊልሙም እንዲሁ ይቆራረጣል። በውጭ ሲያዩት አንበርብር ኃይሌ ራሱ ይመስላል፤ የተማረ፣ የተሰደደ፣ የሚመለስ። የድሮው ኃይሌ ቢሆን ይህን ሰው መንደሩ መካከል አቁሞ ያናግረው ነበር። የ«ጤዛ»ው ኃይሌ ግን ዝም አሰኘው። አሮን አረፈ የሚጫወተው አንበርብር አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል፣ ያያል፣ ይደነግጣል። የሚናገረው መንደሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ይጠይቁታል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ምን አመጣህ ነው ነገሩ። መልስ የለውም። እናቱን የምትጫወተው ታከለች በየነ ደግሞ የምታደርገው ነገር ጥቂት ነው፤ ልጇን ማየት፣ ማብላት፣ መጸለይ። ግን ፊልሙን የያዘችው እሷ ናት። ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ሊያፍሱ ሲመጡ፣ ልጆቹ ወደ ዋሻ ሲሸሹ፣ ኮረብታው ላይ የቆመው የሙሶሊኒ ዘመን ሐውልት ከላይ ሲያይ፣ ማንም አያብራራልንም።

የጀርመኑ ክፍል ግን ይከብደኛል። ኮሎኝ ላይ የሚከራከሩት ተማሪዎች መጽሐፍ እንደሚያነቡ ነው የሚናገሩት። ለዚህ መከላከያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ትውልድ እንዲያ ነበር የሚያወራው። አዎን፣ ነበር። ግን በየክርክሩ መካከል ማጨሱ፣ መራቡ፣ ሴት ልጅ ማየቱ፣ የአገሩን እንጀራ መናፈቁ ነበረ። ኃይሌ ለቦኖሻ ገበሬ የሚመስለውን ገበሬ ሥራውን ሰጥቶት ሰው አደረገው። ለራሱ ጓደኞች ለተማሪዎቹ ግን ሥራ አልሰጣቸውም፤ መፈክራቸውን ብቻ። ሰው የራሱን ወገን ማየት እንዴት እንደሚከብደው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

መጨረሻው ላይ አንበርብር ልጆችን ማስተማር ይጀምራል። ብዙዎች ይህን እንደ ተስፋ ያዩታል። እኔ ደግሞ የተዋናዩ ዕረፍት አድርጌ አየዋለሁ፤ መካከሉን ለልጆቹ ለቀቀ።

ከኃይሌ በኋላ በአገር ውስጥ ከትወና ወደ ዳይሬክተርነት የተሻገሩ ብዙ ናቸው። በ1990ዎቹ ቪዲዮ ካሜራ ርካሽ ከሆነ ወዲህ ከቴአትር ቤቶቻችን የወጡ ተዋናዮች ፊልም አዘጋጁ፣ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማም መሩ። ይህን ትጋት አልንቅም፤ ሕዝቡን ወደ አማርኛ ፊልም የመለሱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ከትወና ይዘው የወጡት አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን ነው፤ ሳሎን፣ ሶፋ፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲነታረኩ። ሥራ የሚሠራ እጅ ማየት ብርቅ ነው። ገበሬ ከገባም ለማሳቅ ነው የሚገባው፤ አማርኛው የተሰበረ ከሆነ ይበልጥ ያስቃል። አማርኛው የሚሰበረው ደግሞ የማን አገር ሰው እንደሆነ እኛ ቦኖሻዎች እናውቀዋለን። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲመጣ ቱርኮቹ በአማርኛ ተናገሩልን፤ ሆሳዕና ላይ ሀዲይሳ ተናጋሪ እናቶች የኢስታንቡልን ቤተሰብ ጉዳይ በአማርኛ ይከታተሉ ነበር። የጎንደሩ ሲኒማ ቤት ታርዛን እንዲህ እያለ መልኩን ይለዋውጣል።

የኃይሌ ፊልሞችስ የት አሉ? «ሳንኮፋ» ታድሶ በአቫ ዱቨርኔ ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያው ወር የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ቤተ መዘክር ሲከፈት ክብር ሰጠው። መልካም ነው፤ ግን ኔትፍሊክስ ለማየት የውጭ ክፍያ የሚቀበል የባንክ ካርድና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለ ገበሬ የተሠራው «ምርት» ደግሞ ከገበሬ ይልቅ በአውሮፓ ፌስቲቫልና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ሕዝቡን የጠራ ሰው ፊልም ሻሾጎ ላይ የሚያሳይ ሰው አጣ። ይህ የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የባህል ቢሮዎቻችን፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ እኛ ጸሐፊ ነን ባዮችም አለንበት። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ሀዲይሳ የሚተረጉም ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ይህን የምለው ስለሞከርኩት ነው። አምና በክረምት ቦኖሻ፣ በአጎቴ ቤት፣ በላፕቶፕ አሳየሁት። ሰባት ሰው ነበርን፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ግርጌው ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ፣ የሚነገረው አማርኛ፣ እኔ የምተረጉመው ሀዲይሳ። ወጣቶቹ ከግማሹ በኋላ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አጎቴ ግን ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ሲሆኑ ከዱላቸው ላይ አገጫቸውን አላነሱም። እርሻው ሲረዝም «በሬው ደክሟል፤ ይፍታው እንጂ» አሉ፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ስም ጠሩ፤ የሞተ ሰው ስም። ስለ ከበበ የምተረጉመውን ግማሽ ያህል አላዳመጡም።

ልጅቷ የባለመሬቱን ከብት ከጎርፍ ለማዳን ገብታ ውኃው ሲወስዳት መተርጎም አላስፈለገኝም። በእኛ አገር የክረምት ጎርፍ ማሳና ከብት ይዞ ወደ ቦዮ ሲወርድ ያላየ የለም። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አጎቴ ጠየቁኝ።

«ላሚቱስ ተረፈች?»

«ለምን አሉኝ፣ አጎቴ?» አልኳቸው።

«ካልተረፈች አባትየው ይከፍላላ» አሉኝ።